ጤፍ የሚመዝን ጠፋ

«ስንት ራስ ነው?» አለኝ ስልኩን ያነሳው የእንስሳት ሐኪም።

«አንድ።»

«ትታለባለች?»

ላም መስላዋለች። ውሻ መሆኗን ስነግረው ድምፁ ቀዝቀዝ አለ። ትንሽ ውሻ መሆኗን ስጨምርለት ደግሞ «እሺ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። በዚህ ከተማ «መልሼ እደውላለሁ» ብሎ መልሶ የደወለ ሰው የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ስሟ ጤፍ ነው። ቀለሟ የቀይ ጤፍ ነው፣ መጠኗም ከዚያ ብዙ አይርቅም። እናቴ ስሙን የሰማች ዕለት «የእህል ስም ለውሻ! እንጀራ የሰጠን አምላክ ይታዘብሻል» ብላ ሳምንት አኩርፋኛለች። አምስት ዓመቷ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኘን ሁሉ ግን «ቡችላ ናት? መቼ ነው የምታድገው?» ይለኛል። አድጋ ጨርሳለች። ያለችው ይህችው ናት፤ ግማሿ ቺዋዋ፣ ግማሿ የማን እንደሆነ የእናቷ ባለቤትም አያውቁም።

የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግቢ በነበረን ዘመን ውሻ ማለት በር ላይ ታስሮ ሌባ ላይ የሚጮህ ነበር። ሲታመም ጥግ ይዞ ይተኛል፤ ወይ ይነሣል ወይ አይነሣም። ከግቢ ወጥተን ፎቅ ላይ ስንሰፍር ትልቁ ውሻ ቀረና ትንሿ መጣች። ደረጃውን፣ ሶፋውን፣ አልፎ አልፎም አልጋውን (እናቴ ይህን እንዳታነብ) ተጋራችን። ሐኪሙ ግን አብሮን ፎቅ አልወጣም። እዚያው በረት ቀረ።

ለነገሩ አልፈርድባቸውም። ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት ያለበት፣ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነ አገር የእንስሳት ሐኪም ሲያሠለጥን ለማን ብሎ ነው የሚያሠለጥነው? ለጤፍ ብሎ? የቢሾፍቱው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በፈረንጆቹ 1979 ከተከፈተ ጀምሮ የወጡት ሐኪሞች ዐይናቸውን የገለጡት በሬና አህያ መሐል ነው። እዚያው ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባትም በዋናነት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል፣ ለዶሮ ነው። ደግሞስ ታሪኩስ? በፈረንጆቹ 1880ዎቹ መጨረሻ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ፣ «ደስታ» የሚባለው፣ አገሩን በሬ አልባ አድርጎ ነው ክፉ ቀንን ያመጣው። ያ በሽታ ከምድር ጠፋ ተብሎ የታወጀው ገና በፈረንጆቹ 2011 ነው፤ የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ነቅሎ የጣለው ሁለተኛ በሽታ እሱ ነው። በዚያ ዘመቻ ቆላ ወርደው ደጋ ወጥተው ከብት ሲከትቡ የኖሩ ሰዎች ፊት ቆሞ «ውሻዬን አስነጠሳት» ማለት ያሳፍራል። ያሳፍራል፤ ማስነጠሷ ግን አልቀረም።

አንድ ጊዜ ወደ አንድ የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። መዝጋቢዋ ትልቁን መዝገብ ገለጠች። የቀንድ ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ዶሮ እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ አንዲት ጠባብ ረድፍ አለች፤ «ሌላ» ትላለች። ጤፍ እዚያ ገባች። ለስም የተተወ ቦታ ስላልነበረ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፈችላት። ተራችን ደርሶ በሩ ላይ «ጤፍ!» ተብሎ ሲጠራ በግ ይዘው የቆሙ አንድ አባት ዘወር ብለው «ስንት ገባ?» አሉ። ግቢው በሙሉ ሣቀ።

ከዚያ ወዲያ የሣቅሁበት ነገር ትዝ አይለኝም። ሐኪሙ ደግ ልጅ ነው፣ ክፉ አልናገረውም፤ መመርመሪያ ጠረጴዛ ግን የለውም። ያለው ከብት ገብቶ የሚያዝበት የብረት መተላለፊያ ነው። ጤፍን እዚያ ብትለቋት በብረቱና በብረቱ መሐል አልፋ ቤቷ ትገባለች። ስለዚህ ጭኔ ላይ ይዣት ተቀመጥኩ። በዐይኑ ከላይ እስከ ታች አያት፤ ያም ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። ከዚያ መርፌውን ሞላው።

«ዶክተር፣ አይበዛባትም?»

«ትንሽ ነው የሞላሁላት።»

ትንሽ ስንት ነው? የእኔ እሮሮ እንግዲህ ይቺው ናት። ሌላ ነገር አልጠየቅሁም። ራጅ አልጠየቅሁም፣ አልትራሳውንድ አልጠየቅሁም። መርፌ ከመሙላቱ በፊት «ስንት ኪሎ ናት?» የሚል አንድ ሰው ስጡኝ ነው የምለው።

ነገሩ ቅብጠት አይደለም። አንድ በሬ ከሌላው በሃያ ኪሎ ቢበልጥ ሐኪሙ በግምት ወጋው ተብሎ የሚደርስበት ነገር የለም። ሦስት ኪሎ ተኩል በምትመዝን ውሻ ላይ ግን አንድ ኪሎ መሳት ሲሦውን ለመሳት ጥቂት ነው የሚቀረው። ለእከክና ለጥገኛ የሚወጉትን አይቨርሜክቲን ውሰዱ። ለከብት የሚሸጠው ጠርሙስ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አለው፤ አንድ ሚሊ ለ50 ኪሎ ከብት ተብሎ ነው የተቀመረው። በዚያ ስሌት ብንሄድ እንኳ ለጤፍ የሚደርሳት የአንድ ሚሊ አሥራ አራተኛ እጅ ነው። ለከብት በሚይዙት ወፍራም መርፌ ላይ ለዚያ የሚሆን መስመር እንኳ የለም። የእኛ እጅ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ «ምርቃት» ማከል ይወዳል።

ስለዚህ ራሴ ልመዝናት ወሰንኩ። ከኮንዶሚኒየሙ ወረድ ብሎ የሰው ሚዛን አስፋልት ዳር ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ አለ፤ አምስት ብር ነው የሚያስከፍለው። ጤፍን አቅፌ ወጣሁበት፤ ስድሳ ስምንት ተኩል። ጤፍን መሬት አድርጌ ወጣሁበት፤ ስድሳ አምስት። ቀሪው የእሷ ነው። አሥር ብር ዘረጋሁለት።

«አሥራ አምስት ነው እትዬ።»

«ሁለቴ አይደል እንዴ የተመዘንኩት?»

«የመጀመሪያው የሁለት ነው፣ ሁለተኛው የአንድ። ሦስት ይሆናል።»

ምን ይመለስለታል? ሒሳቡ ከብዙ ሐኪም ይሻላል። ከፈልኩ። እስከዚያ ግን ሰው ከብቦናል። አንዷ «ሰው ሐኪም አጥቶ ይሞታል፣ ይቺ ውሻ ታስመዝናለች» አለች፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለችው፣ እንድሰማ ግን ነው ያለችው። ልክ ናት። እኔም የሰው ሐኪም ቤት ካርድ ለማውጣት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተሰልፌ አውቃለሁ። ግን የጤፍ ሐኪም ሚዛን ቢገዛ የማን ወረፋ ነው የሚረዝመው? ይህን መልስ ያገኘሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ሁልጊዜም እንዲህ ነኝ።

ክትባት ከሆነ ግን ሐኪም አይጠፋም። ለእብድ ውሻ በሽታ በሞተር ሳይክል ፎቅህ ድረስ የሚመጣ አለ፤ ወግቶ፣ ደብተሯ ላይ ማኅተም መትቶ፣ ብሩን በሞባይል ተቀብሎ በአምስት ደቂቃ ይሰወራል። ይህች ከተማ ውሻን የምታውቀው በሁለት ነገር ነው፤ ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ያብዳል። ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ጥርሱን ያመዋል፣ ጉልበቱ ይወልቃል የሚል ነገር በመሐሉ የለም። እንደ ጤፍ ላሉት የጉልበት ሎሚ መንሸራተት ደግሞ የታወቀ ችግራቸው ነው፤ ስትሮጥ ቆይታ አንድ የኋላ እግሯን አንሥታ በሦስት እግር ስትዘል ታያላችሁ። ለዚህ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «በደንብ አብሏት» የሚል ነው። (ልክ ያልሆንኩበትንም ልናገር። ክትባቱን የወጋትን ልጅ «ለሷና ለጀርመን ሼፐርድ እንዴት እኩል ትሰጣለህ!» ብዬ ጮኼበታለሁ። ክትባት በኪሎ እንደማይለካ ያኔ አላውቅም ነበር። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም፤ እሱስ እውነቱን ነው።)

ያለፈው ክረምት ላይ ጤፍ አዲስ አመል አወጣች። ድንገት ቆም ትልና አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ፊት እግሮቿን ከፈት አድርጋ፣ አየሩን በአፍንጫዋ ወደ ውስጥ እየሳበች ታንኮራፋለች። ልትሞት ነው ብላችሁ ስትሮጡ ይለቃትና ጅራቷን ትቆላለች። የመጀመሪያው ሐኪም እቤቴ ድረስ መጣ። «የሳንባ ምች ነው» ብሎ ኦክሲ ወጋት። ኦክሲ ማለት ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው፤ በዚህ አገር በሬም ይታመም በግ፣ አህያም ትታመም ዶሮ፣ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱን ነው። የተወጋ እግሯን ሁለት ቀን አነከሰች፣ ማንኮራፋቱ ግን አልለቀቃትም። ሁለተኛው «ጉሮሮዋ ላይ አጥንት አለ» ብሎ ጣቱን አፏ ውስጥ ከተተ። አጥንት አላገኘም፤ ጥርስ ግን አገኘ። የጣቱን ጭምር ያስከፈለኝ ይመስለኛል። ሦስተኛው ሐኪም እንኳ አይደለም፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሻጭ ነው። መጀመሪያ «ስንት ዶሮ ነው?» አለኝ፤ ቀጥሎ ለበግ የሚሆን የትል ኪኒን በጥርሱ ለሁለት ሰብሮ ግማሹን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። አልሰጠኋትም። አራተኛዋ ጎረቤቴ ናት፤ «ዐይን በልቷት ነው፣ ሰው ፊት አታውጫት» አለችኝ። ቢያንስ እሷ አላስከፈለችኝም።

የምክሩ ዓይነትማ! እከክ ሲይዛት «የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀቢያት» ያለኝ ሰው ብዛት! ዘበኛው ብሏል፣ መካኒኩ ብሏል፣ የተማረ የሥራ ባልደረባዬ ብሏል። እያንዳንዱ ዘይት የተቀባና የዳነ አንድ ውሻ ያውቃል። የተቀባውን ልሶ የሞተውን የሚያውቅ የለም።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ሚኒባስ አይታሰብም። በስልክ የምጠራው መኪና ሾፌር «ውሻ አልጭንም» ስለሚል በቦርሳ ደብቄያት እገባለሁ፤ ቦርሳው መገናኛ ላይ ማንኮራፋት ይጀምራል።

በመጨረሻ ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ደህና ነው ወደተባለ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ንጹሕ ነው፣ ወለሉ ያበራል፣ ሚዛንም አለው! ዐይኔን ማመን አቃተኝ። ትልቅ፣ ከወለሉ ጋር እኩል የተቀበረ፣ ቁጥሩ ግድግዳ ላይ የሚበራ። ጤፍ ወጣችበት። ዜሮ አለ። ወረደች፣ ወጣች፤ ዜሮ። «ለትልልቅ ነው የተሠራው» አለኝ ልጁ፤ ጥፋቱ የጤፍ እንደሆነ ሁሉ ቅር አለው። መቆያው ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ ሰውዬ ሁለት ጀርመን ሼፐርድ ይዞ ተቀምጧል፤ ውሾቹ ሰንሰለታቸውን ሊበጥሱ ሲታገሉ እሱ «አይዞሽ፣ አይነኳትም፣ ለጨዋታ ነው» ይለኛል። ለነሱ ጨዋታ ነው። ለሷ ቁርስ መሆን ነው።

ላስመክናት መሆኑን ስናገር የክሊኒኩ ሐኪም ደነገጠ። «ለምን? አንድ ጊዜ ትውለድ እንጂ! የፈረንጅ ዘር እኮ ናት፣ ቡችላዋ ይሸጣል። ወንድ ከፈለግሽ እኔ አለኝ» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ የወንዱን ፎቶ አሳየኝ። ወንዱ የጤፍን ሁለት እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ትንሽ የሆነች ውሻ ከትልቅ ስታረግዝ ምጡ ይከብዳል፣ ሆድ ተከፍቶ ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ለሐኪም የማስረዳው እኔ ነኝ? ለሕክምና ሄጄ ከአማች ጋር ተዋውቄ ተመለስኩ።

እህቴ ቨርጂኒያ ናት፤ የእሷም ውሻ ከጤፍ ብዙ አትበልጥም። እሮሮዬን ሳሰማት አትራራልኝም። እዚያ ከበር ሲገቡ ይመዝናሉ፣ ሲወጡም ሊመዝኑ ምንም አይቀራቸው። ጥርሷን ለማጠብ ሙሉ ማደንዘዣ፣ ከማደንዘዣው በፊት የደም ምርመራ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ስንት እንደሚፈጅ የተዘረዘረ ወረቀት። «እዚህ ውሻዋ ስትመዘን ቦርሳዬም አብሮ ይመዘናል» አለችኝ። ትንንሽ ውሾች ጥርሳቸው ጠባብ መንጋጋ ላይ ስለሚጨናነቅ ቶሎ ይበላሻል፤ እሷ ገንዘብ አጣች፣ እኔ ጥርስ የሚያይ ሰው። ማን ይብሳል ብለን ግማሽ ሰዓት ተከራከርን።

እኔም ቀላል ሰው እንዳልሆንኩ ይታወቅልኝ። ሐኪሙ ቤቴ እንዲመጣ እፈልጋለሁ፤ ግን ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ አብሮት ይምጣ። ስደውል ያንሳ፤ ጤፍን ሲመረምር ግን የሌላ ሰው ስልክ አያንሳ። ማጅራቷን አንጠልጥሎ አይያዛት። «ይቺ ነገር» አይበላት። እውነቱን ይንገረኝ፣ ግን አያስደንግጠኝ። ከተቻለ ሴት ትሁን፤ ጤፍ ቡትስ ጫማ ያደረገ ወንድ ስታይ ሶፋ ሥር ትገባለች። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ «ባል ስትመርጪ እንዲህ ተጠንቅቀሽ ቢሆን ኖሮ!» አለችኝ። ጃንሆይም ሉሉ የምትባል ቺዋዋ ነበረቻቸው፤ ለሷ ሐኪም ሲፈልጉ አስፋልት ዳር አሥራ አምስት ብር የከፈሉ ግን አይመስለኝም።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ሐኪም አገኘሁ። የጠቆመችኝ እንቁላል የምታመጣልኝ ሴት ናት። ጡረታ የወጡ፣ ከዶሮ መኖ መሸጫ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ያለቻቸው። ጤፍን ሲያዩ አልሣቁም፣ ስሟንም ሲሰሙ አልሣቁም። ከመደርደሪያ ሥር የኩሽና ሚዛን አወጡ፤ ዱቄት የሚመዘንበት፣ ከሚስታቸው የወሰዱት። ላዩ ላይ የፕላስቲክ ሳፋ አስቀመጡ፣ ቁጥሩን ዜሮ አደረጉ፣ ጤፍን ሳፋው ውስጥ ከተቷት። 3 ኪሎ ከ420 ግራም። ጻፉት። ዐይኔ እንባ አቀረረ ብል አታምኑኝም።

«ምን ትበላለች?» አሉ ቀጥለው። ይህን ደግሞ እስከዚያ ቀን የጠየቀኝ ሰው የለም።

«ሩዝ በሥጋ» አልኩ በኩራት። ከጎኔ እናቴ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ውሻ ርኩስ ነው የምትለው፣ ቤት አትግባ የምትለው፣ ስሟን እንኳ የማትጠራት እናቴ፣ ለካ እኔ ሥራ ስሄድ ፍትፍት ታጎርሳታለች። «ምን አላት፣ ከወጡ ነካ አድርጌ ነው» አለች። ሽማግሌው በትዕግሥት አስረዷት፤ ቀይ ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፣ የሚታወቀውም ቀናት ቆይቶ ድድዋ ሲገረጣና ሽንቷ ሲጠቁር ነው። ዘቢብም ኩላሊት ይጎዳል። እናቴ ተቆጣች። «ያለ ሽንኩርት ወጥ አለ እንዴ? ታዲያ ውሃ ትጠጣ?» አለች። ለጤፍ ስትቆረቆር ያየኋት ያን ቀን ነው።

የማንኮራፋቷን ቪዲዮ ከስልኬ አሳየኋቸው። አሥር ሰከንድ አልፈጀባቸውም። «ወደ ውስጥ ማስነጠስ ነው። ትንንሾቹ ይወዱታል። አፍንጫዋን ለአፍታ ያዝ አድርጊላት፣ ስትውጥ ይለቃታል» አሉኝ። የሁለት ወር መከራ፣ አንድ ኦክሲ፣ አንድ የተነከሰ ጣት፣ መልሱ ይኸው ነበር። አንገቷ ላይ ያለውን ማሰሪያ ፈትተውም ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት፤ «የአየር ቧንቧዋ ይጣበባል፣ በደረቷ እሰሪያት» ብለው ተቆጡኝ። ደስ ብሎኝ ቁጣቸውን ተቀበልኩ።

ጉድለት የለባቸውም አልልም። የሚከፍቱት በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ የትኞቹ ሦስት እንደሆኑ ራሳቸውም ጠዋት ነው የሚወስኑት። ስልክ አያነሱም። ክትባት አይዙም፤ «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሳይለቅ ካልተቀመጠ ውሃ ነው የምወጋልሽ፣ መብራቱን ደግሞ ታውቂዋለሽ» ይላሉ። ስለ ጤፍ እየጠየቅኳቸው ወሬውን ወደ ጋምቤላ ከብት ይወስዱታል። ይሁን፤ ይመዝናሉ።

ባለፈው ወር ልጆቻቸው አሜሪካ ጠሯቸው። ፕሮሰሱ አልቆ ኖሯል። «እዚያ ምን እሠራለሁ? የልጅ ልጅ እጠብቃለሁ» አሉኝ እየተከዙ። ሚዛኑን ለሚስታቸው መለሱ። ለእኔ የቀድሞ ተማሪያቸውን ስልክ ቁጥር በመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ጻፉልኝ።

ደወልኩ። ወጣት ድምፅ ነው። ውሻ ናት አልኩ፤ አልቀዘቀዘም። ትንሽ ናት አልኩ።

«ስንት ኪሎ ናት?» አለኝ።

በእናት ኩራት «ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ ሃያ» አልኩት። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት እመጣለሁ» አለኝ።

ነገ ካለኝ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ዛሬ ጠዋት ጤፍን አቅፌ አስፋልት ዳር ወዳለው ልጅ ወረድኩ፤ ቢመጣ አዲስ ቁጥር ልያዝለት ብዬ። ሦስቱን ሒሳብ ተቀብሎ ቁጥሩን ሁለቴ አየና «እሷ ያው ናት» አለኝ። «እርስዎ ግን ጨምረዋል።»